ልብሱን ገልጠሽ ትንፋሹን ቁጠሪ

ይድረስ ለእህቴ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ
ከስቶክሆልም፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ለአንቺም፣ ለእማዬም፣ ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። በስልክ ስለ ልጅሽ «ሌሊት አፍንጫው ያንኮራፋል፣ አንዳንዴም ትንፋሹ ቀጥ ይልብኛል» ላልሽኝ ነገር መልሱ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ለእማዬም አንብቢላት፤ የማትወደው ነገር አለበት፣ ቢሆንም አንብቢላት።

የአምስት ሳምንት ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ወጥ አድርጎ አይተነፍስም። ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ለ5 ወይም ለ10 ሰከንድ ቆም ብሎ እንደገና ይቀጥላል። መልኩ ካልተለወጠና ካልዛለ ይህ የዕድሜው ነው። 20 ሰከንድ ከቆየ ግን፣ ወይም ሳይቆይም ከንፈሩ ከጠቆረና ሰውነቱ ከዛለ፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ነው።

ሳል አትጠብቂ፤ ትንሽ ሕፃን የሳንባ ምች ይዞትም ላያስል ይችላል። የሚናገረው ደረቱ ነው። ጠግቦ ጸጥ ሲል ወይም ሲተኛ ልብሱን እስከ ደረቱ ገልጠሽ፣ የስልክሽን ሰዓት ይዘሽ፣ ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያልሽ 60 ሰከንድ ሙሉ ቁጠሪ። 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በ4 አታባዢ፤ ቆም በሚልበት ላይ ከገጠመሽ ያሳስትሻል። እያለቀሰ ወይም እየጠባ የተቆጠረም አይረባም። ሁለት ወር እስኪሞላው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንሽ ቆይተሽ ድገሚው፤ ሁለተኛውም 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር እስከ ዓመቱ ወሰኑ 50 ነው፣ ከዓመት በኋላ እስከ አምስት ዓመት 40።

ስትቆጥሪ የጎድኑን ሥር እዪው። አየር ሲያስገባ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? የጨቅላ ጎድን ገና ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ቢሰረጉድ አያስደነግጥም፤ ጠልቆ ከሩቅ የሚታይ ከሆነ ግን ከባድ ምልክት ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ በየትንፋሹ ከተነፋ፣ ጭንቅላቱ ከትንፋሹ ጋር ከተነቀነቀ ወይም ካቃሰተ እንደዚያው ነው። ማቃሰቱን እንደ ማጉረምረም አትቁጠሪው፤ ሳንባው እንዳይጨማደድበት ጉሮሮውን እየዘጋ አየር ሲያስቀር ነው። ጥቁረትን ከእጁና ከእግሩ አትፈልጊ፣ በመንዝ ብርድ እነሱ ይጠቁራሉ። ምላሱንና ድዱን እዪ።

ሁለት ስህተት በጣም እፈራለሁ። አንዱ «ትኩሳት የለውም» ብሎ መቀመጥ ነው። 37.5 እና በላይ አደጋ እንደሆነ ሁሉ ከ35.5 በታች መቀዝቀዝም አደጋ ነው። ሌላው ሲጣደፍ የነበረ ትንፋሽ ዝግ ሲልና ልጁ ጸጥ ሲል «ተሻለው» ማለት ነው። ጡት እየገፋ፣ ስትቀሰቅሺው እየዛለ ዝግ ካለ አልተሻለውም፣ ደክሞታል።

ከነዚህ አንዱን ካየሽ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ። ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ቤት የሚታከም አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቅርብ ከሆነች አሳያት፣ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥታ ትልክሻለች፤ ካልሆነች በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ። አዝለሽው አትሂጂ፣ ጀርባሽ ላይ ሆኖ አይታይሽም። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርገሽለት ደረትሽ ላይ ገላ ለገላ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ከላይ ጋቢ፤ ፊቱ ግን ይገለጥ። መጥባት እያቃተው በግድ አታጥቢው፣ ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል።

አሁን ያለበት ማንኮራፋት የአፍንጫ መታፈን ይመስለኛል። ሕፃን የሚተነፍሰው በአብዛኛው በአፍንጫው ስለሆነ ትንሽ ንፍጥም ታስጨንቀዋለች። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ኩባያ ውኃ (250 ሚሊ ሊትር ገደማ) ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሚ። ከማጥባትሽ በፊት በየቀዳዳው አንድ ሁለት ጠብታ፣ አንድ ደቂቃ ቆይተሽ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጠርዙን ጥረጊ። በየቀኑ አዲስ ይሠራ።

እዚህ ላይ እማዬ ትሰማኝ። ዳማከሴ አፍንጫው ውስጥ አይጨመቅ። ቅቤ አይዋጥ፤ ወደ ሳንባ የገባ ቅቤ በቀላሉ አይወጣም። ማር እስከ ዓመቱ የለም። እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ለትንፋሽ የሚሰጠው ነገር የለም። ኩበቱ እሱ ካለበት ቤት አይንደድ፤ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛትማ ትልቁን ሰው ይገድላል። ሲተኛ በጀርባው ይሁን፣ ባናው ከደረቱ በላይ አይውጣ።

ትን ብሎት ማልቀስም ማሳልም ካቃተው በግራ ክንድሽ ላይ በሆዱ አስተኝተሽ፣ አንገቱን ሳትጫኚ አገጩን ይዘሽ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገሽ፣ በመዳፍሽ ሥር በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ምቺው። ካልወጣ በጀርባው ገልብጠሽ በአንድ እጅሽ መዳፍ ሥር ከጡት ጫፎቹ መሥመር ዝቅ ብሎ ደረቱ መሐል ላይ 5 ጊዜ ተጫኚ። እስኪለቀው ድረስ አፈራርቂ። ሆዱን አትጫኚ፣ የማይታይሽን ነገር በጣት አትፈልጊ፣ በእግሩ አታንጠልጥዪው። ዝሎ መተንፈስ ካቆመ ሰው እየጠራሽ ጠንካራ ነገር ላይ አስተኚው፣ አንገቱን ወደ ኋላ ሳትቀለብሺ በአፍሽ አፉንም አፍንጫውንም ሸፍነሽ ደረቱ ከፍ እስኪል ብቻ 2 ጊዜ ተንፍሽበት። ከዚያ 30 ጊዜ ደረቱን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጫኚ፣ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ። 30 በ2 እያልሽ እስኪተነፍስ ወይም እርዳታ እስኪደርስ ቀጥዪ።

ክርስትናው ደርሷል። ከውኃው ሲወጣ ቶሎ ይድረቅ፣ ራሱ ይሸፈን፣ ወዲያው ደረትሽ ላይ። የሚያስል ሰው አይሳመው፤ ቅር የሚለው ካለ በእኔ አሳብቢ። የ45 ቀኑን ክትባት በክርስትናው ድግስ እንዳታልፊው፣ የሳንባ ምች መከላከያው እዚያ ውስጥ ነው፤ 10ኛውና 14ኛው ሳምንት ላይም ይደገማል።

ከላክሁት ገንዘብ ለመኪና የሚሆን ለይተሽ አስቀምጪ። የአምቡላንሱንም ቁጥር ከጤና ጣቢያው ጠይቀሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። ዛሬ ማታ ደህና ሆኖ ሲተኛ ትንፋሹን ቆጥረሽ ቁጥሩን ላኪልኝ፤ የደህናውን ካወቅን የታመመ ዕለት አንታለልም።