አሰልጣኙን ከማባረራችን በፊት

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ስለ ክለቤ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ርዕሱ «ቀውስ ውስጥ ነው» ይላል። ከሥሩ የአሰልጣኙ ፎቶ አለ፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ። ከጎኑ የደረጃ ሰንጠረዡ። ክለቤን ለማግኘት ከላይ ወደ ታች ከመውረድ ከታች ወደ ላይ መውጣት ይቀላል። እውነት ነው፣ አልክድም።

የክለቡን ስም አልጠቅስም። ከጠቀስኩ ግማሹ አንባቢ እዚህ ጋ ስቆ ገጹን ይገለብጠዋል። ሌላው ግማሽ ደግሞ የእኛ ሰው ናት ብሎ ሳያነብ ይደግፈኛል። ሁለቱም አይጠቅሙኝም። አጀማመራችን አያምርም፣ ይኼ ይበቃል።

እኔ የደጋፊዎች ቴሌግራም ግሩፕ አስተዳዳሪ ነኝ። ደመወዝ የለውም፣ ስድብ ግን አለው። ስንሸነፍ ስልኬ መጮህ የሚጀምረው ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሳይነፋ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳይል አንድ ነጥብ ብቻ የሚልክ ልጅ አለ። ነጥቧ መጣች ማለት ጎል ገብቶብናል ማለት ነው፤ የእሱ ስርጭት ከእኔ ቴሌቪዥን ይቀድማል። ቀጥሎ የአሰልጣኙ ፎቶ ከሻንጣ ጋር ተለጥፎ ይመጣል። ቀጥሎ «በቃኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኳስ የሚባል አላይም» ብሎ ግሩፑን ለቆ የሚወጣ አለ። ሁሌም ያው ሰውዬ ነው። ጠዋት «ሊንኩን ላኪልኝ» ይለኛል። እልክለታለሁ።

አሁን ጨዋታ እንዳለቀ ግሩፑን ለአንድ ሰዓት እዘጋዋለሁ። አምባገነን ተብያለሁ። ይሁን።

የሚያስቸግረኝ ግን ተሳዳቢው አይደለም። ተሳዳቢ ሲበርድለት ይተወዋል። የሚያስቸግረኝ አስሊው ነው። እስካሁን ያገኘነውን ነጥብ ይወስድና በተጫወትነው ያካፍለዋል። ከዚያ በ38 ያባዛዋል። ከዚያ «ወርደናል» ይላል። መልሱን በማረጋገጫ ምልክት አጅቦ ነው የሚልከው። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመጀመሪያውን ወር ደረሰኝ ብቻ አይቶ የዓመቱን ኪሳራ የሚያውጅ ሰው ቢሯችን ቢመጣ ማንም ወንበር አይስብለትም። በእግር ኳስ ጊዜ ግን እናንተም ፊት ለፊት ገጽ ላይ ታወጡታላችሁ።

20 ቡድን ባለበት ሊግ 38 ጨዋታ አለ። ሁሉንም ያሸነፈ 114 ነጥብ ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ዘጠኝ ነጥብ ናቸው። ከ114 ዘጠኝ! ሰንጠረዡ ግን ይህን አይነግራችሁም። ከማን ጋር እንደተጫወታችሁም አይነግራችሁም። ማን ተጎድቶ እንደነበረም አይነግራችሁም። የሚያውቀው ነገር ትንሽ ነው፤ የሚናገረው ግን እንደ ዳኛ ነው።

አርሰናልን ላንሳ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2021 የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ሲከፈት ገና ባደገው ብሬንትፎርድ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በሜዳው በቼልሲ 2 ለ 0 ተደገመ። ከዚያ ማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0። ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል፣ የገባበት ዘጠኝ። 20ኛ። ከሥሩ ማንም የለም። የዚያን ሰሞን አሰልጣኙ አርቴታ ይባረር ያላለ የአርሰናል ደጋፊ ካለ አላገኘሁትም።

ተጋጣሚዎቹን ግን እዩዋቸው። ቼልሲ ያኔ የአውሮፓ ሻምፒዮን ነው። ሲቲ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ነው። በብሬንትፎርዱ ጨዋታ ሁለቱ አጥቂዎች ኦባሜያንግም ላካዜትም በሕመም ምክንያት አልነበሩም። በሲቲው ጨዋታ አማካዩ ዣካ እረፍት ሳይወጡ በቀይ ካርድ ወጣ። ከዚያ የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ እረፍት መጣ። ሲመለሱ በረኛው አዲሱ ራምስዴል ነበር፣ ቀኝ ተከላካዩ ደግሞ የዝውውር መስኮቱ በተዘጋበት ቀን የመጣው ቶሚያሱ። ኖርዊችን 1 ለ 0 አሸነፉ። ኖቬምበር ላይ ሊቨርፑል 4 ለ 0 እስኪያሸንፋቸው ድረስ በሊጉ ሽንፈት አልቀመሱም።

እዚህ ጋ ብቆም ደስ ባለኝ። ግን አርሰናል በዚያ ዓመት 69 ነጥብ ይዞ አምስተኛ ነው የወጣው። ቶተንሃም በ71 አራተኛ ሆኖ ቻምፒየንስ ሊግ ገባ። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ! በመክፈቻው ብሬንትፎርድን ቢያሸንፉ ኖሮ አራተኛ እነሱ ነበሩ። ስለዚህ «ገና ነው፣ ተረጋጉ» የሚለኝንም ሰው አልሰማውም። የመጀመሪያው ወር ነጥብ ከመጨረሻው ወር ነጥብ እኩል ነው። ብንጨነቅ ይገባናል። ጥያቄው በምኑ እንጨነቅ ነው።

የክሪስታል ፓላስ ነገር ከሁሉም ይበልጥ ይገርመኛል። በ2017 አዲስ አሰልጣኝ አመጡ፣ ፍራንክ ደ ቡርን። የመጀመሪያዎቹን አራት የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። አንድም ጎል አላገባም። አባረሩት። የመጨረሻው ጨዋታ ከበርንሌይ ጋር ነበር። ገና በሦስተኛው ደቂቃ የፓላሱ አማካይ ኳስ ወደ ኋላ ሊሰጥ ፈለገ። ኳሷ አጠረች። የበርንሌዩ አጥቂ ክሪስ ዉድ ቀደመና አገባት። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ ፓላስ ሲያጠቃ ነው ያለቀው። ሳቱ፣ ሳቱ፣ ሳቱ። 1 ለ 0 አለቀ። ያችን ኳስ ያሳጠራት አሰልጣኙ አይደለም። ተጠያቂው ግን እሱ ሆነ።

ደ ቡርም ነጻ ሰው አልነበረም። ቡድኑን በአንድ ክረምት ከለመደው አጨዋወት አውጥቶ በሦስት ተከላካይ ሊያሰልፈው ሞክሯል። ይህ ለደ ቡር ይቆጠርበት።

ከዚያ ሮይ ሆጅሰን መጣ። የ70 ዓመት ሰው፣ የቀድሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ። እሱስ? ሳውዝሃምፕተን 1 ለ 0፣ ሲቲ 5 ለ 0፣ ማንቸስተር ዩናይትድ 4 ለ 0 አሸነፉት። ሰባት ጨዋታ፣ ሰባት ሽንፈት፣ ጎል ዜሮ። አሰልጣኝ ተቀይሮ ምንም አልተቀየረም።

ስምንተኛው ጨዋታ ከማን ጋር መሰላችሁ? ከቼልሲ፤ የሊጉ ሻምፒዮን ከነበረው። ፓላስ 2 ለ 1 አሸነፈ። የዓመቱ የመጀመሪያ ጎላቸው የተቆጠረችው በቼልሲው አዝፒሊኩዌታ ስም ነው፤ በራሱ መረብ ላይ። (አንዳንዴ እግዜርም ደጋፊ ነው።) ሁለተኛዋን ግን ዛሃ አገባት። ዛሃ በመክፈቻው ጨዋታ ጉልበቱን ተጎድቶ ከሜዳ ርቆ ነበር። ያን ቀን ነው የተመለሰው። ያ ሁሉ ሰው ስለ አሰልጣኝ ሲከራከር ቡድኑ የጎደለው አንድ የክንፍ ተጫዋች ነበር። ፓላስ በ11ኛ ደረጃ ጨረሰ። ሆጅሰን ጥሩ ሥራ ሠርቷል፣ አልቀማውም። ነገር ግን ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ስለ ዛሃ ምንም አያውቅም ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ ደርቢ ካውንቲ አለ። በ2007 ወደ ፕሪምየር ሊግ አድጎ መጣ። ከአምስት ጨዋታ በኋላ 15 ጎል ገብቶበት ነበር፣ ስድስቱ በሊቨርፑል። በስድስተኛው ኒውካስልን 1 ለ 0 አሸነፈ። ደጋፊው «ይኸው ተነሳን» ቢል ማን ይፈርድበታል? በዚያ የውድድር ዓመት በሊጉ ያሸነፈው ግን ያንን ጨዋታ ብቻ ነው። በ11 ነጥብ ወረደ። 15ቱ ጎሎች እውነቱን ተናግረው ነበር፤ ድሏ ናት የሸፈነችው። አንድ ድል ብቻ ሲመጣ ዝም የሚለው የግሩፔ ሰው ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

የማንቸስተር ዩናይትዱ አሰልጣኝ ፈርጉሰን ሊባረር ሲል ተርፎ ምን እንደሆነ አልጽፍም። ያንን በየዓመቱ እናንተው ትጽፉታላችሁ። ይልቅ የጣሊያኑን ዩቬንቱስን አስታውሱ። በ2015 ክረምት ፒርሎ፣ ቪዳልና ቴቬዝ በአንዴ ለቀቁ። ቡድኑ ከአሥር ጨዋታ 12 ነጥብ ብቻ ይዞ ቀረ። አሰልጣኙን አሌግሪን አላባረሩትም። ቀጥሎ ያሉትን 15 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈና በ91 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ። ሦስት እንደዚያ ያሉ ሰዎች ሲሄዱ አዲሶቹ እስኪግባቡ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ታዲያ ለምን በየዓመቱ አዲስ ዜና ይሆንብናል?

እኛም ጋ በዚህ ክረምት ሰው ሄዷል፣ ሰው መጥቷል። ከመጡት አንዱ ቡድኑን የተቀላቀለው ሊጉ ከተጀመረ በኋላ ነው። የዝውውር መስኮቱ ክፍት ሆኖ ውድድር መጀመሩ ራሱ ጣጣ አለው። የእንግሊዝ ክለቦች በ2018 እና በ2019 መስኮቱን ሊጉ ሳይጀመር ይዘጉት ነበር። ሌሎቹ የአውሮፓ ሊጎች አብረዋቸው ስላልዘጉ ተዉት። ስለዚህ ተጫዋቹ ዛሬ ለእኛ ይሰለፋል፣ ወኪሉ ማታ ከሌላ ክለብ ጋር ይደራደራል። ልቡ የት እንዳለ ሰንጠረዡ ላይ አይታይም።

አሁን እኔን ምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። ደረጃችን አይደለም። የማዕዘን ምት ነው።

የገቡብንን ጎሎች ደግሜ አይቻቸዋለሁ። ኳሷ ከቀኝ ትመጣለች። ቅርቡ ቋሚ ጋ የቆመው የእኛ ረጅሙ ተከላካይ ይዘላል፣ አይደርስባትም። ራቅ ያለው ቋሚ ጋ ያለው የመስመር ተከላካያችን ዓይኑ ኳሷ ላይ ብቻ ነው። ከጀርባው ያለውን ሰው አንዴም ዞር ብሎ አያየውም። ያ ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ከዚያ ይሮጣል። ጎል። በቀጣዩ ጨዋታ ሌላ ቡድን፣ ሌላ ስታዲየም፣ ያው ቋሚ፣ ያው ተከላካይ፣ ያው ጎል። ይሄ ዕድል አይደለም። ተጋጣሚዎቻችን ቪዲዮ ያያሉ፣ እዚያ ጋ ክፍተት እንዳለን ያውቃሉ። ይህን ማስተካከል የአሰልጣኙ ሥራ ነው። በዚህ ብትተቹት ከጎናችሁ ነኝ። የእናንተ ጽሑፍ ግን ስለ ማዕዘን ምት አንድ ዓረፍተ ነገር የለውም። ስለ አሰልጣኙ የፊት ገጽታ ሁለት አንቀጽ አለው።

ወደ ፊት በኩል ደግሞ ብዙም አልከፋንም። ዕድል እንፈጥራለን። አጥቂያችን ይስታል እንጂ ቦታው ላይ አለ። ባለፈው ብቻ አንዷ ቋሚ መታች፣ አንዷን በረኛው በእግሩ መለሳት። ቦታው ላይ የማይደርስ አጥቂ ቢኖረን ነበር እንቅልፍ የማጣው። የሚደርስ አጥቂ አንድ ቀን ያገባል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። «ቀውስ» የሚለውን ቃል ቢያንስ አሥረኛው ጨዋታ እስኪያልፍ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። የደረጃ ሰንጠረዡን ስታትሙ ከእያንዳንዱ ክለብ ጎን ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ በሜዳው ይሁን ከሜዳው ውጪ፣ ዋና ዋና ተጫዋቾቹ ማን ማን እንደጎደሉ በትንሽ ፊደል ጻፉ። ቦታ ከጠበበ የአሰልጣኙን ፎቶ አሳንሱት። እኔም ገጹን ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ያ አስሊ ልጅ በ38 ከማባዛቱ በፊት የሚያየው ነገር ይኖረዋል።

ቀጣዩ ጨዋታችን ከሜዳችን ውጪ ነው። ተጋጣሚያችን ቁመት ያለው ቡድን ነው፣ ማዕዘን ምት ይወዳል። ያው ቋሚ ጋ ያው ጎል ከገባብን ሁለተኛ ደብዳቤ እልካለሁ። ያኛው ስለ አሰልጣኙ ነው የሚሆነው፣ አጭርም ይሆናል።

የዘወትር አንባቢያችሁ