የውርጭ አገራችን የአፈር ሙቀትም ይለካ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አየር ንብረት ለውጥ በምታወጧቸው ጽሑፎች ዘወትር የሚነሡት የአየሩ ሙቀትና የዝናቡ መጠን ናቸው። በላስታ ደጋ ተወልጄ ያደግሁ የጂኦግራፊ መምህር እንደመሆኔ፣ እምብዛም ስለማይነገርለት ስለ መሬቱ ሙቀት ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

በስዊዘርላንድ ተራሮችና በቲቤት ፐርማፍሮስት የሚባል መሬት አለ፤ ይኸውም ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዜሮ ዲግሪ ሳያልፍ የሚቆይ አፈር ወይም ዐለት ነው። ባለሙያዎች ጉድጓድ ቆፍረው በየጥልቀቱ መለኪያ የታሰረበት ገመድ ያወርዱበታል። ላይ ላዩ ከወቅቱ ጋር ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፤ ከ10 እስከ 20 ሜትር ግድም ሲወርዱ ግን የወቅቱ መፈራረቅ ይጠፋና ከዓመት ዓመት የሚመጣው ለውጥ ጎልቶ ይታያል። በስዊዘርላንዱ ኮርቫች ተራራ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ልኬት ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል። በዓለም ደረጃ የተሰበሰበው መረጃም እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ፐርማፍሮስት በአማካይ 0.29 ዲግሪ፣ የተራሮቹ ደግሞ 0.19 ዲግሪ መሞቁን አሳይቷል።

አኃዙ ማነሱ ሊያዘናጋን አይገባም። በረዶ ያለበት መሬት ወደ ዜሮ ሲጠጋ፣ የሚገባው ሙቀት በረዶውን ለማቅለጥ ስለሚውል ቴርሞሜትሩ ባለበት የቆመ ይመስላል፤ ነገሩ የሚታወቀው ቁልቁለቱ ሲናድ ወይም የወንዙ አመጣጥ ሲለወጥ ነው።

በወሎ ፐርማፍሮስት የለም። የላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍታው ከ4200 ሜትር በላይ ቢሆንም፣ ሌሊት የረጋውን ፀሐይ ቀን ታቀልጠዋለች። ይሁን እንጂ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ወደ ገብስ ማሳ የወጣ ሰው፣ ከአፈሩ ውስጥ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ የበቀለ በረዶ በጫፉ ጠጠርና ጓል ተሸክሞ ያያል። ረፋዱ ላይ ይቀልጥና የተነሣው አፈር እንደ ዱቄት ላልቶ፣ በመጀመሪያው የበልግ ዶፍ ወደ ተከዜ ገባሮች ለመውረድ ዝግጁ ሆኖ ይቀራል። አባቶቻችን ከደጋው በላይ ያለውን አገር ራሱን «ውርጭ» ብለው የሰየሙት ይህን ስለሚያውቁ ነው። በልጅነቴ ገብስ ብቻ ይዘራበት በነበረ ማሳ ዛሬ ስንዴ አያለሁ፤ ይህ ግን የዓይን ምስክርነት እንጂ ልኬት አይደለም።

በእኛ አገር የሙቀቱ ልዩነት ከወር ወር ይልቅ ከቀን ወደ ሌሊት የሚበረታ በመሆኑ፣ አሥር ሜትር መቆፈር አያስፈልገንም፤ አንድ ሜትር እንኳ ብዙ ይነግረናል። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በአቡነ ዮሴፍ ዙሪያ በሦስት ከፍታዎች ላይ በ5፣ በ20፣ በ50 ሳንቲ ሜትርና በአንድ ሜትር ጥልቀት ራሱ የሚመዘግብ መለኪያ እንዲቀብሩ እጠይቃለሁ። ልኬቱ ከጥቅምት በፊት ከተጀመረ የዘንድሮው ውርጭ አያመልጠንም፤ እኔና ተማሪዎቼም በየወሩ ወጥተን መዝገቡን ለመሰብሰብ ፈቃደኞች ነን።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ከላስታ፣ ሰሜን ወሎ