የጫማ ድምፅ የሚያዳምጡ ልጆች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የ16 ቀኑ የፀረ ጾታዊ ጥቃት ዘመቻ በመጣ ቁጥር የምታወጧቸውን ጽሑፎች አንድም ሳይቀረኝ አነባለሁ። ስለ ክስ፣ ስለ ፍርድ፣ ስለ መጠለያ። ሁሉም ያስፈልጋል። እኔ ግን የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝና ነገሩን የማየው ከወዲያኛው ጫፍ ነው።

አንድ ቀን ልጆቹ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አጠገባቸው ቁጭ ብያለሁ። እናት የሆነችው የአምስት ዓመት ልጅ ድንገት አሻንጉሊቷን ጠረጴዛ ሥር ከተተችና "ዝም በሉ፣ አባ መጣ!" አለች። ጆሮዋን ወደ በሩ ጣል አድርጋ "ጫማው ከጮኸ ተናዷል ማለት ነው" ብላ አስረዳቻቸው። አባት የሆነው ልጅ መሬቱን እየደበደበ ገባ። አንዳቸውም አልሳቁም።

ክፍሌ ውስጥ 15 ሴት ልጆች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ3 ሴቶች አንዷ በሕይወቷ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደሚደርስባት ይገምታል። ይህን ሳነብ ምንጣፉ ላይ የተቀመጡትን ነው የምቆጥረው። ዱላ እያዩ ያደጉ ወንዶች ሲያድጉ የመማታት፣ ሴቶቹ ደግሞ የመመታት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል በብዙ አገር ተጠንቷል። ዕጣቸው ነው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ እንደዚያ አይሆኑም።

የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? የዚያችን ልጅ አባት ለምንም ነገር ጠርተነው አናውቅም ነበር። ክትባት ሲሆን እናት፣ ስብሰባ ሲሆን እናት፣ ልጅ ሲያተኩሰው እናት። ዱላ ከተጀመረ በኋላ አባትየውን ጠርቶ ማፋጠጥ ደግሞ እናቲቱን ለባሰ አደጋ ሊዳርጋት ይችላል፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። እኔ የምለው ከዚያ በፊት ነው፤ ገና ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች።

ሩዋንዳ ውስጥ "ባንዴቤሬሆ" የሚባል ፕሮግራም ያደረገው ይህንኑ ነው። ልጅ የሚጠብቁና ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን አባቶች በቡድን ሰብስቦ ለ15 ጊዜ አወያያቸው። ሚስቶቻቸውም በከፊሉ ተካፍለዋል። ስለ እርግዝና፣ ስለ ሕፃን እንክብካቤ፣ ስለ ቤት ሥራ፣ ጠብ ሲነሳ ስለሚደረገው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ፕሮግራሙን ካልተካፈሉት ጋር ሲነጻጸር በነዚህ ቤቶች ሚስቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ቀነሰ፤ ልጆቹም የሚመቱት ያነሰ ሆነ።

እኛ ጋ የስብሰባ መጥሪያው ላይ አሁን "ለእናትም ለአባትም" ብለን እንጽፋለን። መጀመሪያ ላይ አራት አባቶች ብቻ መጡ። አንዱ የልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠና፣ ሌሎቹ ሲወጡ ጠብቆ ጠየቀኝ። "ቲቸር፣ እኔ ያደግኩት በዱላ ነው። ልጄ ሲያለቅስ እጄ ይነሳል። ምን ላድርግ?"

ለዚህ ሰው ጥያቄ በየሳምንቱ መልስ የሚሰጥ አንድ ዓምድ ብትከፍቱለት ብዬ ነው የጻፍኩላችሁ።

አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት