እማዬ፣ ያንቺ ከልጄ ይለያል

እማዬ፣ እንዴት ነሽ?

በስልክ «የልጅሽም ዓይን ቢጫ ሆኖ በራሱ ለቀቀ፣ የእኔም ይለቃል» ያልሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የልጄ እኮ በራሱ አልለቀቀም። ሰማያዊው መብራት ሥር አስተኝተው ነው ያዳኗት።

ሁለታችሁንም ያቀለማችሁ ቢሊሩቢን የሚባል ነገር ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ኖሮ ሲፈርስ ይፈጠራል። ጉበት ይቀበለውና ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ሳይወጣ ደም ውስጥ ከተከማቸ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ።

ጨቅላ ሲወለድ ብዙ ቀይ የደም ሴል አለው፣ ጉበቱ ግን ገና አልጠነከረም። ለዚህ ነው ጊዜያቸውን ጠብቀው ከሚወለዱት 60 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ የሚሉት። አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ይጠፋል። ሆኖም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ ወይም ሕፃኑ ደክሞ አልጠባ ካለ፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ነው። በጣም ከፍ ያለ ቢሊሩቢን አንጎል ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። መብራቱ ቢሊሩቢኑን በቀላሉ ወደሚወጣ ዓይነት ይለውጠዋል። ፀሐይ ላይ ማውጣት የእሱን ቦታ አይተካም፣ ይቅርታ አድርጊልኝና።

ባንቺ ዕድሜ ግን «ጉበቱ ገና ነው» አይባልም። ወይ ጉበት ታሟል፤ ሄፓታይተስ፣ አልኮል ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ወይ ደም ከመጠን በላይ እየፈረሰ ነው። ወይ ደግሞ የሐሞት ቱቦ በጠጠር ወይም በዕጢ ተዘግቷል።

እኔን ያሳሰበኝ «ምንም አያመኝም» ማለትሽ ነው። ጠጠር ብዙ ጊዜ ያማል። ሕመም የሌለው ቢጫነት ግን አንዳንዴ ከቆሽት ዕጢ ይመጣል። ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ካልታየ ግን አይታወቅም፣ ቶሎ ሲደረስበት ደግሞ የሚደረግለት ነገር ይበዛል። ማሳከኩንም በሳሙናው አታሳብቢ፤ ሐሞት ሲታገድ ሰውነት ያሳክካል። እስቲ ሳታፍሪ ሽንትሽንና ሰገራሽን ተመልከቺ። ሽንቱ ጠቁሮ ሰገራው ከነጣ፣ ሐሞቱ ወደ አንጀት እየደረሰ አይደለም ማለት ነው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ደም ይወስዳሉ፣ ሆድሽን በአልትራሳውንድ ያያሉ። የምትውጪውን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ የራስ ምታት ክኒኑንም፣ ጎረቤት የሰጠችሽን ቅጠልም። ቅጠሉን እስከዚያ አትጠጪው፤ ጉበት የሚጎዳ ቅጠል ሞልቷል። ለቆየ በሽታ የታዘዘልሽን መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳትጠይቂ እንዳታቋርጪ።

እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አንቺ ግን እኔን አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ሂጂ። ዛሬ ሌሊት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም መቀባዠር ከመጣ እስኪነጋም አይጠበቅም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፣ መኪናውን ይዞ ይመጣል። አትከራከሪው።

ልጅሽ