"ታሪክ ይፈርዳል" ከማለታችሁ በፊት

ይድረስ፦ በመንግሥት ስም ሽልማት ለሚሰጠውና መታሰቢያ ለሚያቆመው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ፍሬም ነው። ጠርዙ ወርቃማ፣ መስታወት የገባለት የምስክር ወረቀት። የተሰጠው ለአስተማሪዬ ነው። እሳቸው ግን ካረፉ 3 ዓመት አልፏቸው ነበር። መድረኩ ላይ የወጡት ባለቤታቸው ናቸው። ፍሬሙን በሁለት እጃቸው ይዘው ፎቶ ተነሡ። አዳራሹ አጨበጨበ። ተመልሰው አጠገቤ ሲቀመጡ ፍሬሙን ፊቱን ወደ ታች አድርገው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ደብተሮቹን ግን የጠየቀኝ የለም" አሉኝ።

ደብተሮቹ 41 ነበሩ። አስተማሪዬ 30 ዓመት ሙሉ በየማለዳው የዝናቡን መጠን እየለኩ ይመዘግቡ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም። ጡረታ ሲወጡ ለአንድ ቢሮ ሊያስረክቡ ሄዱ። "ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ ያምጡ" ተባሉ። የሚመለከተው እሳቸውን ብቻ ነበር። ደብተሮቹን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ከሞቱ በኋላ ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር ሣጥኑ እርጥበት ገባው። ዛሬ የሚነበቡት 19 ብቻ ናቸው።

"ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም" ይባላል። ተረቱን ሁላችንም እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለነዋል። እናንተ ደግሞ በስብሰባው ሁሉ "ታሪክ ይፈርዳል" ትላላችሁ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። ታሪክ በራሱ ተነሥቶ የማንንም ሣጥን አይከፍትም። የሚመጣው ትውልድ ማመስገን የሚችለው እጁ የደረሰውን ብቻ ነው። እንዲደርሰው የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ስል ሁሌ የሚጠቀሰው ቫን ጎ ትዝ ይለኛል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሠዓሊው በ1890 በ37 ዓመቱ ሞተ። "በሕይወቱ ማንም አላወቀውም፣ ጊዜ ግን ካሰው" እየተባለ ይነገራል። መጀመሪያ ነገር፣ ጨርሶ አልታወቀም ማለት ልክ አይደለም። በሞተበት ዓመት መጀመሪያ ላይ አልቤር ኦሪዬ የተባለ ሐያሲ በጽሑፍ አድንቆት ነበር። የካሰው ደግሞ ጊዜ አይደለም። አንዲት ሴት ናት።

ወንድሙ ቲዮ በ6 ወሩ ተከትሎት ሞተ። የቲዮ ባለቤት ዮሐና በ28 ዓመቷ መበለት ሆነች። እጇ ላይ የቀረው ገና አንድ ዓመት የሆነው ልጇ፣ በመቶ የሚቆጠር ሥዕልና የደብዳቤ ክምር ነው። ቡሱም በምትባል የሆላንድ ከተማ እንግዶች በክፍያ የሚያርፉበት ቤት ከፈተች። ሥዕሎቹን በየግድግዳው ሰቀለቻቸው። ቀን እንግዳ ታስተናግዳለች፣ ማታ ደብዳቤ ታነባለች። ለሐያሲዎች ጻፈች፣ ለነጋዴዎች ጻፈች። የቱን ሥዕል መቼ እንደምትሸጥ፣ የቱን እንደምታስቀር በጥንቃቄ መረጠች። በ1905 አምስተርዳም ውስጥ ከ400 በላይ ሥራዎቹን የያዘ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። በ1914 ደብዳቤዎቹን አሳተመች። ሱፍ አበቦቹ ካሉባቸው ሥዕሎች አንዱን ለለንደኑ ብሔራዊ ጋለሪ የሸጠችው በ1924 ነው፣ ልትሞት አንድ ዓመት ሲቀራት። 33 ዓመት ሙሉ ሠርታለች ማለት ነው። እኛ "ጊዜ" የምንለው ይህን ድካም ነው።

ሜንዴልንም እንይ። የአተር ዘር እያዳቀለ የውርስን ሕግ ያገኘ መነኩሴ ነው። ግኝቱን በ1865 በንግግር አቀረበ፣ በ1866 ታተመ። በ1884 ሲሞት ግኝቱ የገባው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የግል ወረቀቶቹም ተቃጠሉ። በ1900 ሦስት ሳይንቲስቶች ለየብቻቸው እዚያው ውጤት ላይ ሲደርሱ የእሱን ጽሑፍ አገኙት። እንዴት ተገኘ? በከተማው የነበረ አንድ ትንሽ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር መጽሔቱን በየአገሩ ላሉ ቤተ መጻሕፍት ይልክ ስለነበር ነው። ማኅበሩ ሜንዴልን አልሸለመውም። ታላቅነቱንም አልመሰከረም። አተመለት፣ ላከለት፣ በቃ። እኔ ከእናንተ የምፈልገው በአብዛኛው ይህንኑ ነው።

ኤሚሊ ዲክንሰን ወደ 1,800 የሚጠጉ ግጥሞች ጽፋ በሕይወቷ የታተሙላት ከ10 ብዙም አይበልጡም። የቀሩትን ከሞተች በኋላ ያገኘቻቸው እህቷ ናት። እንደነዚህ ያሉ ታሪኮች ሲነገሩን እንጽናናለን። "እውነተኛ ሥራ ተደብቆ አይቀርም" እንላለን። ግን እኮ የምናውቃቸው ያልጠፉትን ነው! እህት ያልነበራቸውን፣ ዮሐና ያልገጠመቻቸውን በምን እናውቃቸዋለን?

የእናንተም ስጋት ይገባኛል። በሕይወት ያለን ሰው መሸለም ያስፈራል። ዛሬ ያሞገሳችሁት ነገ ሊያሳፍር ይችላል። በ1901 የመጀመሪያው የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ለፈረንሳዊው ገጣሚ ለሱሊ ፕሩዶም ሲሰጥ ታላቁ የሩሲያ ደራሲ ቶልስቶይ በሕይወት ነበር። በ1949 የሕክምናውን ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ኤጋስ ሞኒዝ ነው፣ የአንጎል ክፍልን በቀዶ ሕክምና በመቁረጥ የአእምሮ ሕመምን ለማከም የሞከረው ሐኪም። ያ ሕክምና ስንቱን ሰው እንደጎዳ ዛሬ ይታወቃል። ስለዚህ "ቶሎ ሸልሙ" ብቻ ብዬ አልሟገትም። ሜዳሊያውን ለመስጠት ብትዘገዩ ይገባኛል። መዝግቦ ለማስቀመጥ መዘግየት ግን ምክንያት የለውም። ለማይገባው ሰው የተሰጠ ሜዳሊያ በኋላ ሊነቀፍ ይችላል። የበሰበሰ ደብተር ግን አንዴ ከሄደ ሄደ።

መዘግየት ራሱም ዋጋ ያስከፍላል። ፔይተን ራውስ በዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ መኖሩን ያሳየው በ1911 ነው። ኖቤል የተሸለመው በ1966፣ በ87 ዓመቱ። ዕድሜ ስለሰጠው ደረሰበት። ሮበርት ብራውት ግን አልደረሰበትም። በ1964 ከፍራንሷ አንግሌር ጋር ሆኖ ቅንጣቶች ግዝፈት የሚያገኙበትን መንገድ ጻፈ። በ2011 ሞተ። በ2013 አንግሌር ከፒተር ሂግስ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ባርባራ መክሊንቶክ ደግሞ በበቆሎ ላይ ቦታ የሚቀይሩ ጂኖችን አግኝታ የሰሚው ጥርጣሬ ሲበዛባት በ1950ዎቹ ስለዚያ ጉዳይ ማሳተሙን ተወች። ሽልማቱ በ1983 መጣ፣ 81 ዓመቷ ነበር። እኔን የሚቆጨኝ የሽልማቱ መዘግየት አይደለም። ሳይታተም፣ ሌሎች ሳይማሩበት የቀረው ጊዜ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ማንም ይሁን ማን የዕድሜ ልክ ሥራውን ይዞ ሲመጣ የሚቀበል አንድ ጠረጴዛ ይኑራችሁ። ደብዳቤ አምጣ አትበሉት። ታላቅ ነው አይደለም የሚለውን እዚያ በር ላይ አትወስኑ፣ አይቻልምም። ፈርሙለት፣ ቁጥር ስጡት፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡለት፣ ፎቶ አንሡት። ከዚያ ደግሞ ሰው ላኩ። የሚሠሩት ሰዎች ቢሮ ለቢሮ መዞር አይችሉበትም። ቤታቸው ሄዶ "ምን እየሠሩ ነው? ምን ቸገረዎ?" የሚል ሰው ያስፈልጋቸዋል። አስተማሪዬን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ቢኖር ኖሮ ፍሬሙ ባይመጣም ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።

19ኙ ደብተሮች አሁንም ባለቤታቸው ዘንድ ናቸው። በፌስታል ጠቅልለው ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠዋቸዋል። እሳቸውም እየደከሙ ነው። የሚረከብ ሰው ከላካችሁ በዚህ ሳምንትም ቢሆን ለማስረከብ ዝግጁ መሆናቸውን ነግረውኛል። ቤታቸውን እኔ አሳያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአስተማሪው ተማሪ