ሦስት ዓመት ዝም ብዬህ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ይህን መጠየቄ ለራሴም አሳፍሮኛል። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ። ቀጥሎ መደወሉን አፈርኩ። እየቆየ ሲሄድ ስልኩ ራሱ ከበደኝ።

ባለፈው እሑድ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው የወታደሮች መቃብር፣ አርሊንግተን ሄጄ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ እዚያ ስለተቀበረው ጥቁር አብራሪ፣ ስለ ቤንጃሚን ዴቪስ አውርቶኝ ነው (ስለ ልጅየው፤ አባቱም ጄኔራል ነበሩ)። ደብረ ዘይት ጣራችሁ ላይ ወጥተን ጄት ስንቆጥር ይህን ሰው ብናውቀው ኖሮ፣ “ዴቪስ እኔ ነኝ” እያልን እንደባደብ ነበር።

በፈረንጆቹ 1932 ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ገባ። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ተማሪዎቹ ተማክረው አኮረፉት። ለሥራ ጉዳይ ካልሆነ የሚያናግረው የለም። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ያድራል። ምግብ ቤት ሰው መሐል ተቀምጦ፣ አንድ ቃል ሳይሰማ በልቶ ይነሳል። አራት ዓመት! ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል ብለው ነበር። እሱ ግን በ1936 ከ276 ተመራቂዎች 35ኛ ወጣ። አብራሪ ልሁን ቢል ደግሞ ለጥቁር ቦታ የለንም አሉት።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በምትባል ከተማ አብራሪነት ሠለጠነ። (በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጃንሆይን አውሮፕላኖች የመራው ጆን ሮቢንሰንም የተማረው ተስኪጊ ነው። ይህን ሳውቅ ደረቴን ነፋሁ፤ ምን አገባኝ?) በ1943 ዴቪስ የጥቁር አብራሪዎቹን ጓድ፣ 99ኛውን ተዋጊ ስኳድሮን ይዞ ሰሜን አፍሪካ ወረደ። ጥቂት ወራት እንደተዋጉ “ወኔ የላቸውም” የሚል ሪፖርት ተጻፈባቸው። ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት ተከራከረላቸው። ስኳድሮኑ አልፈረሰም። ጥር 1944 ላይ ልጆቹ ጣሊያን ውስጥ አንዚዮ ሰማይ ላይ በሁለት ቀን ከ10 በላይ የጀርመን አውሮፕላን ጣሉ። ከዚያ በኋላ ወኔ የላቸውም ማለት ከበደ።

ዴቪስ ደግሞ 332ኛውን ተዋጊ ምድብ መራ። የአውሮፕላኖቻቸውን ጅራት ቀይ ቀብተው ቦንብ ጣዮችን ያጅቡ ነበር። ጠላት አሳድጄ ስም ላውጣ ብሎ የሚያጅበውን ጥሎ የሚሄድ አብራሪ ከዴቪስ ጋር አይስማማም። አንድም ቦንብ ጣይ አልጠፋባቸውም ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ተረት ነው፤ ጠፍቶባቸዋል። ግን ከሌሎቹ አጃቢዎች ያነሰ ነው። በ1954 የአየር ኃይሉ የመጀመሪያ ጥቁር ጄኔራል ሆነ።

መቃብሩ ጋ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ስምህን ከፈትኩና ጣቴን እላዩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። እናንተ ጋ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነበር። እማማ ይደነግጣሉ ብዬ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። እውነቱን ልንገርህ? ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በእናንተ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። እኔ ጋ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፤ ግድ የለም። ብታኮርፍም አንሳው።

ያንተው