ገንዘቡ ከወባው ቀድሞ ይድረስ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ገንዘብ ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለወባ መከላከያ የሚውለው በጀት የሚለቀቅበትን ጊዜ ስለማስተካከል

ክቡራን የመሥሪያ ቤቶቹ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ በወባ ምርመራ ሥራ ላይ ያለሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ተላላፊ በሽታዎችን ለመከላከል ዓለም ያዋጣው የነበረው ገንዘብ እንዴት እንደተመናመነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ርዳታውን አግዶ፣ በወራት ውስጥ ዩኤስኤአይዲ የተባለውን የርዳታ ድርጅቱን ዘጋ። ኤድስን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ወባን ለመዋጋት የተቋቋመው ግሎባል ፈንድ በበኩሉ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጆሐንስበርግ ላይ 18 ቢሊዮን ዶላር ጠይቆ ቃል የተገባለት 11.34 ቢሊዮን ብቻ ነው። ስለ መጠኑ ብዙ ስለተባለ እኔ የማነሣው ስለ ጊዜው ነው።

ወባ በእኛ አገር ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ በሽታ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጣና መሸሽ ሲጀምር በባሕር ሸሽ መሬቱና በፎገራ የሩዝ ማሳዎች ላይ የተኛው ውኃ ትንኝ ይፈለፍላል፤ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ቋራ የወረዱ ወጣቶችም ተውሳኩን በደማቸው ይዘው የሚመለሱት በዚሁ ሰሞን ነው። ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሚዘልቅ የቤት ለቤት ኬሚካል ርጭቱ ከዚያ በፊት ማለቅ ይኖርበታል። የመንግሥት በጀት ዓመት ግን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በጀቱ ጸድቆ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ውል ተፈርሞ፣ ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ ባሕር ዳር መጋዘን እስኪገባ ድረስ ወቅቱ ያልፋል። በግንቦትና በሰኔ የሚነሣው ሁለተኛው የወባ ወቅት ደግሞ ከበጀት መዝጊያው ጋር ይገጥማል፤ ገንዘብ በብርቱ በሚፈለግበት ሳምንት ሒሳብ የሚዘጋበት ጊዜ ይሆናል። ቀድሞ ይህ ክፍተት እምብዛም አይታይም ነበር፤ ግሎባል ፈንድ ድጋፉን በሦስት ዓመት ዙር ስለሚመድብ ግዥውን ከወቅቱ አስቀድሞ ማቀድ ይቻል ነበርና። የውጭው ድጋፍ ከብዛቱ ባልተናነሰ በዚህ ጠባዩ ይጠቅመን ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

መዘግየቱ መሬት ላይ ምን እንደሚያስከትል ላስረዳ። የፈጣን መመርመሪያ ኪት ከጣት በተወሰደ ጠብታ ደም፣ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለቱን ዋና የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረሙን ከቫይቫክሱ፣ የሚለይ ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ ነው። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በእጇ ያለው እርሱ ብቻ ነው። ኪቱ ሲያልቅ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ ሌላ አማራጭ አይኖራትም። ከጣና ደሴቶች በአንዱ የምትኖር እናት ልጇን አዝላ፣ ጀልባ ጠብቃ፣ ተሻግራ እስክትደርስ ትኩሳቱ ሁለትና ሦስት ቀን ይሞላዋል፤ ፋልሲፓረም ደግሞ ሕፃን ልጅን ለሞት ለማድረስ ይህን ያህል ጊዜ አይፈልግም። «ሳይመረመር መድኃኒት ይሰጠው» ማለትም አያዋጣም። ፋልሲፓረም ኮአርተም በሚባለው መድኃኒት ይታከማል፤ ቫይቫክስ ግን በጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ በክሎሮኪኑ ላይ ፕሪማኪን የሚባለው መድኃኒት ካልታከለበት ሕመምተኛው ከወራት በኋላ በዚያው በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ጤና ጣቢያው ዘንድ ስንደርስ ደግሞ በጥቅምት አንድ ጠዋት በጊምዛ ቀለም የተነከሩት የደም ናሙና ስላይዶች መደርደሪያውን ሞልተው ይጠብቃሉ፤ አንዱን ስላይድ «ነፃ ነው» ለማለት በትንሹ 100 የማይክሮስኮፕ መስክ (በአንድ ጊዜ በመነጽሩ የሚታይ ክፍል) መታየት አለበት። በርዳታው ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው ይህን ጫና ይጋሩ ከነበሩት ባልደረቦቻችን በመላ አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩት ውላቸው ተቋርጧል።

ሥጋቱ የፈጠራ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ ቀጣዩ ዓመት የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በእኛም ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ የነበረው የታማሚ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በልጧል፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ክልላችን ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነበር። ለዚህ የጸጥታው መደፍረስም ድርሻ አለው፤ ይህን ማስተካከል ከሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ሥልጣን በላይ መሆኑን እረዳለሁ። የግዥው ጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ነው።

ስለዚህ ለኪት፣ ለመድኃኒት፣ ለአጎበርና ለርጭት ኬሚካል የሚውለው ገንዘብ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚለመን መሆኑ ቀርቶ ቢያንስ የሦስት ዓመት ዋስትና እንዲኖረው፣ የየዓመቱ ግዥም ከጥር ሳያልፍ እንዲጀመር እጠይቃለሁ። ከዚህ ጋር በኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ለአንድ ሙሉ የወባ ወቅት የሚበቃ መጠባበቂያ ክምችት ይቀመጥ፤ የተቋረጡት የላቦራቶሪና የመረጃ ባለሙያዎችም በመደበኛ መደብ ይመለሱ። የአፍሪካ መሪዎች በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ሲገቡ አገራችንም አብራ ነበረች፤ ከዚያ ቃል ምን ያህሉ እንደተፈጸመ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር።

ይህን ስል የውጭ መንግሥታት ድርሻቸውን ያንሱ ማለቴ አይደለም። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ያ ሥራ የዓለም ገንዘብና የኢትዮጵያውያን ከታቢዎች እግር ተባብረው የሠሩት ሲሆን፣ ጥቅሙም ከፍለው ላገዙት አገሮች ጭምር ተርፏል። ወባንም በተመለከተ በየስብሰባው ይህንኑ እንድታስረዱልን እንፈልጋለን፤ የራሳችንን መዋጮ አስቀድመን ስናስቀምጥ ጥያቄያችን የበለጠ ይደመጣል።

የቀጣዩ ዓመት የበጀት ጥሪ ወደ ክልሎች ከመላኩ በፊት፣ በተለይ ስለ ግዥው መጀመሪያ ወርና ስለ መጠባበቂያ ክምችቱ የወሰናችሁትን በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ባሕር ዳር